በአቃቂ ቃሊቲ ከፍታ የካምሻፍት ምርጫ፦ በፒስተንና በቫልቭ መካከል ያለው ርቀት ስለሚወስነው

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ኑሮው ከሞተር ጋር የተሳሰረ አካባቢ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭነው የሚመጡ ከባድ መኪናዎች ወደ ከተማዋ የሚገቡት በዚህ በኩል ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። የአቃቂ መለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጋራዦችና ቶርኖ ቤቶች ሞልተዋል።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለዚህ ሥራ አዲስ ክብደት ሰጥቶታል። በአገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ከቀድሞው ለበለጠ ጊዜ ማገልገል ይኖርባቸዋል፤ ተከፍተው የሚታደሱበት ጊዜም ይበዛል። አንድ ሞተር በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አንድ ፈተና አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም «ከተከፈተ አይቀር ጉልበት ይጨመርለት» የሚለው ሐሳብ ነው። ለዚህ ዓላማ በብዛት የሚታሰቡት መፍትሔዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቫልቮችን ከፍ አድርጎና ለረጅም ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት መግጠም ነው። ሁለተኛው የእመቃ ምጣኔውን ከፍ ለማድረግ የቴስታውን ፊት መፋቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ሁለቱ መፍትሔዎች እንደሚታሰበው የተለያዩ አለመሆናቸው ነው። ሁለቱም ወጪያቸውን የሚያወራርዱት ከአንድ ቋት ነው፤ ያም በፒስተኑ አናትና በቫልቩ ፊት መካከል ያለው የጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ከፍታ ላይ ደግሞ አንዱ መፍትሔ ሌላውን እየጠራ ይህን ቋት ባዶ የማድረግ ዝንባሌ አለው። ስለዚህ የካምሻፍት ምርጫ ከካታሎግ ተነሥቶ በሞተሩ ላይ የሚያልቅ ሥራ ሳይሆን፣ ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ካታሎግ የሚሄድ ሥራ መሆን ይኖርበታል።

ከፍታው የሚወስደው

አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል ላይ 101.3 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 78.5 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ይህም የ22 በመቶ ቅናሽ ነው። የከፍታው ቅዝቃዜ አየሩን በጥቂቱ ስለሚያጠብቀው የእፍጋት ቅናሹ ወደ 19 በመቶ ይሆናል። ተርቦ ቻርጀር የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚሁ መጠን ስለሚያንስ፣ ጉልበቱም በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል።

አሽከርካሪው «መኪናው ደክሟል» ሲል የሚሰማው በከፊል ይህ ነው። ጉድለቱ የሞተሩ ሳይሆን የአየሩ ነው። ስለዚህም «ካምሻፍት ይህን ጉድለት ይሞላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሞ መመለስ አለበት።

ለማሳያ የሚሆን የታወቀ ሞተር አለ። ለዐሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሰማያዊና በነጭ ቀለም ያገለገሉት የላዳ ታክሲዎች ከሚገጠሙላቸው ሞተሮች መካከል የ1.5 እና የ1.6 ሊትሮቹ ምት 80 ሚሊሜትር፣ የቢየላቸው ርዝመት 136 ሚሊሜትር ነው። ካምሻፍቱ ቴስታው ላይ የተቀመጠ ሲሆን የሚዞረው በካቴና ነው። በፋብሪካው ካምሻፍት አስገቢው ቫልቭ ፒስተኑ የላይኛው ሙት ነጥብ ላይ ከመድረሱ 12 ዲግሪ ቀደም ብሎ ይከፈትና ከታችኛው ሙት ነጥብ 40 ዲግሪ በኋላ ይዘጋል። አስወጪው ከታችኛው ሙት ነጥብ 42 ዲግሪ በፊት ተከፍቶ ከላይኛው ሙት ነጥብ 10 ዲግሪ በኋላ ይዘጋል። በዚህ መሠረት የአስገቢው የክፍት ቆይታ 232 ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት መደራረብ 22 ዲግሪ ብቻ ነው።

በዚህ ፈንታ አስገቢው ከላይኛው ሙት ነጥብ 37 ዲግሪ በፊት የሚከፈትበትና ከታችኛው 65 ዲግሪ በኋላ የሚዘጋበት፣ አስወጪውም በተመሳሳይ መልኩ የተቀረጸበት ካምሻፍት ቢገጠም ቆይታው ወደ 282 ዲግሪ፣ መደራረቡ ወደ 74 ዲግሪ ያድጋል። በከፍተኛ ዙር የአየሩ ግስጋሴ ዘግይቶ መዘጋቱን ይክሰዋል፤ ሲሊንደሩም በደንብ ይሞላል። በዝቅተኛ ዙር ግን ሽቅብ የሚመለሰው ፒስተን የሳበውን አየር በተከፈተው ቫልቭ በኩል መልሶ ይገፋዋል። እውነተኛው እመቃ የሚጀምረው ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። በፋብሪካው ካምሻፍት አስገቢው ሲዘጋ ፒስተኑ ከላይኛው ሙት ነጥብ ያለው ርቀት 73.1 ሚሊሜትር ነው፤ በሁለተኛው 61.8 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል። የሞተሩ የእመቃ ምጣኔ 8.5 ከሆነ፣ ቫልቩ ከሚዘጋበት ነጥብ የሚሰላው ውጤታማ ምጣኔ በመጀመሪያው 7.85፣ በሁለተኛው 6.79 ይሆናል። የግፊት ዕድገቱ አመልካች 1.3 ነው ተብሎ ቢወሰድና የአየር ግስጋሴ የሌለበት ዝቅተኛ ዙር ቢታሰብ፣ በእመቃው መጨረሻ የሚገኘው ግፊት የሚከተለውን ይመስላል፦

በባሕር ጠለል፣ በፋብሪካው ካምሻፍት፦ 1,476 ኪሎፓስካል
በአቃቂ ቃሊቲ፣ በፋብሪካው ካምሻፍት፦ 1,144 ኪሎፓስካል
በአቃቂ ቃሊቲ፣ በ282 ዲግሪው ካምሻፍት፦ 947 ኪሎፓስካል

ረጅም ቆይታ ያለው ካምሻፍት ከፍታው የወሰደውን አልመለሰም፤ በዝቅተኛ ዙር ተጨማሪ ወሰደ እንጂ። በአቃቂ ቃሊቲ የገጠመው ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ያልተነካ ሞተር የእመቃ ግፊት 64 በመቶውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ከመብራት የሚነሣ ታክሲ ወይም ዳገት የሚወጣ መኪና የሚሠራው ደግሞ በዚሁ ዙር ላይ ነው።

አንዱ መፍትሔ ሌላውን ሲጠራ

ይህ ድክመት በመንገድ ላይ ሲታይ ሁለተኛው መፍትሔ ይጠራል፤ ቴስታው ይፋቅ ይባላል። የጠፋውን እመቃ ለመመለስ ምን ያህል መፋቅ ያስፈልጋል? በ282 ዲግሪው ካምሻፍት ውጤታማውን ምጣኔ እንደገና 7.85 ላይ ለማድረስ የሞተሩ የእመቃ ምጣኔ ከ8.5 ወደ 9.9 ገደማ ማደግ አለበት። የማቃጠያው ክፍል አፍ ልክ እንደ ሲሊንደሩ ሰፊ ነው ቢባል እንኳ 1.65 ሚሊሜትር መፋቅን ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የማቃጠያው ክፍል አፍ ከሲሊንደሩ ስለሚጠብ የሚፋቀው ከዚህም ይበልጣል።

እነዚህ 1.65 ሚሊሜትሮች ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ ይገባል። ቴስታው ሲፋቅ ቫልቮቹ አብረው ወደ ፒስተኑ ይወርዳሉ። ከቴስታው ፊት የተነሣው እያንዳንዱ የሚሊሜትር ክፍልፋይ ከቫልቭና ከፒስተን ርቀት ላይ የተቀነሰ ነው። የተመረጠው ካምሻፍት ግን ያንኑ ርቀት አስቀድሞ ወስዶታል።

አደጋው ያለበት ቦታ

በካምሻፍት ምርጫ ላይ የሚታየው የተለመደ ስሕተት ከፍተኛውን የመክፈቻ ከፍታ ብቻ መመልከት ነው። «ይህ 9 ሚሊሜትር ይከፍታል፣ ያ 11 ሚሊሜትር ይከፍታል፤ ስለዚህ ሁለተኛው አደገኛ ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ አስገቢው ቫልቭ ከፍተኛው ከፍታ ላይ የሚደርሰው ከላይኛው ሙት ነጥብ በኋላ ወደ 105 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ በተጠቀሰው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ 56 ሚሊሜትር ያህል ወርዷል። ሁለቱ በዚያ ሊገናኙ አይችሉም።

ግጭት የሚፈጠረው በመደራረቡ ወቅት፣ በላይኛው ሙት ነጥብ ዙሪያ ነው። ወደዚህ ነጥብ ሲቃረብ ፒስተኑ ሽቅብ እየተጓዘ በመዘጋት ላይ ያለውን አስወጪ ቫልቭ ከኋላ ያሳድደዋል። ነጥቡን አልፎ ሲመለስ ደግሞ በመከፈት ላይ ያለው አስገቢ ቫልቭ ፒስተኑን ያሳድደዋል። ርቀቱ ከሁሉ የሚጠበው ፒስተኑና ቫልቩ በእኩል ፍጥነት በሚንቀሳቀሱባት ቅጽበት ነው። ይህም በአብዛኛው ለአስወጪው ከላይኛው ሙት ነጥብ 10 ዲግሪ ገደማ በፊት፣ ለአስገቢው ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ከካታሎግ መጠየቅ ያለበት ቁጥር ከፍተኛው ከፍታ ሳይሆን፣ ፒስተኑ በላይኛው ሙት ነጥብ ላይ ሳለና በዙሪያው ባሉት 20 ዲግሪዎች ውስጥ ቫልቩ ያለው ከፍታ ነው።

የተጠቀሰው ሞተር ፒስተን ከላይኛው ሙት ነጥብ በኋላ በ5 ዲግሪ 0.20፣ በ10 ዲግሪ 0.79፣ በ15 ዲግሪ 1.76፣ በ20 ዲግሪ 3.10 ሚሊሜትር ይወርዳል። ለማሳያ ያህል ቫልቩ ተዘግቶ ፒስተኑ የላይኛው ሙት ነጥብ ላይ ሲሆን በመካከላቸው 4.5 ሚሊሜትር ርቀት አለ እንበል። የ282 ዲግሪው ካምሻፍት አስገቢውን በላይኛው ሙት ነጥብ 2.0፣ በ5 ዲግሪ 2.65፣ በ10 ዲግሪ 3.4፣ በ15 ዲግሪ 4.2፣ በ20 ዲግሪ 5.0 ሚሊሜትር ይከፍታል እንበል። የሚቀረው ርቀት በቅደም ተከተል 2.50፣ 2.05፣ 1.89፣ 2.06 እና 2.60 ሚሊሜትር ይሆናል። ጠባቡ ነጥብ 10 ዲግሪ ላይ ያለው 1.89 ነው። በላይኛው ሙት ነጥብ ላይ ብቻ የለካ ሰው 2.50 አንብቦ ሥራው ደኅና ነው ብሎ ይሄዳል፤ እውነተኛው ርቀት ግን ከዚያ 0.6 ሚሊሜትር ያንሳል።

በሙያው የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን ለአስገቢው 2.0 ሚሊሜትር፣ ለአስወጪው 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞና በእጅ ሲዞር የተለካው ርቀት በሥራ ላይ ከሚኖረው ይበልጣል። በከፍተኛ ዙር ቢየላው በጥቂቱ ይለጠጣል፤ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ያለው ልቅነት ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ካቴናው ወይም ቺንጊያው ይወዛወዛል። የቫልቭ ሞላው ከደከመም ቫልቩ የካሙን ጉብታ በጊዜው መከተል ያቅተዋል። ለአስወጪው የበለጠ ርቀት የሚተወው በሁለት ምክንያት ነው። በሚያልፍበት ትኩስ ጢስ የተነሣ ከአስገቢው ይልቅ ይረዝማል፤ ሞላው ሲደክምም የሚያሳድደው ፒስተን ነው። አስገቢው ግን ከፒስተኑ ኋላ ስለሚጓዝ ዘግይቶ ቢከፈት ርቀቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

መፋቅ ሁለት ጊዜ ሲቀንስ

በማሳያው ውስጥ 1.89 ሚሊሜትር ለአስገቢው ከወሰኑ ጥቂት የጎደለ፣ ለአስወጪው ደግሞ በግልጽ ያነሰ ነው። አሁን ቴስታው 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ተፋቀ እንበል። ርቀቱ በሁለቱም በኩል ወደ 1.39 ይወርዳል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም።

ካምሻፍቱ ቴስታው ላይ በሚቀመጥበት ሞተር ቴስታው ሲወርድ ካምሻፍቱ ወደ ክራንክሻፍቱ ይጠጋል። የካቴናው ርዝመት አልተለወጠም፤ በሚጎትተው በኩል የተፈጠረውን ልቅነት ለመሰብሰብ ካምሻፍቱ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። የካምሻፍቱ ጥርስ ጎማ ራዲየስ 60 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የ0.5 ሚሊሜትር መፋቅ ካምሻፍቱን በክራንክሻፍት መለኪያ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ያዘገየዋል። ሲዘገይ አስገቢው ዘግይቶ ስለሚከፈት ርቀቱ በ0.15 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፤ አስወጪው ግን ዘግይቶ ስለሚዘጋ በዚያው መጠን ይጠብበታል። በድምሩ አንዱ የ0.5 ሚሊሜትር መፋቅ ከአስገቢው 0.35፣ ከአስወጪው 0.65 ሚሊሜትር ይወስዳል። ይበልጥ የሚጎዳው አስቀድሞም የበለጠ ርቀት የሚያስፈልገው ቫልቭ ነው።

ከዚህ በፊት ወደ ተሰላው 1.65 ሚሊሜትር መመለስ ይቻላል። ያን ያህል ቢፋቅ፣ ካምሻፍቱ በሚስተካከል ጥርስ ጎማ ወደ ቦታው ቢመለስ እንኳ የሚቀረው ርቀት 0.24 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጊዜው ካልተስተካከለ ደግሞ ካምሻፍቱ ከ3 ዲግሪ በላይ ስለሚዘገይ ለአስወጪው ምንም አይቀርለትም፤ በስሌቱ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆናል። ይህም ሞተሩ ገና በእጅ ሲዞር ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል ማለት ነው። እንግዲህ በማሳያው ሞተር ላይ ሁለቱን መፍትሔዎች በአንድነት መፈጸም አይቻልም። ረጅም ቆይታ ያለው ካምሻፍት በዚህ ከፍታ እመቃ ይጠይቃል፤ እመቃው መፋቅን ይጠይቃል፤ መፋቁ ደግሞ ካምሻፍቱ የቆመበትን ርቀት ይወስዳል።

አለካክ

ርቀቱን በስሌት ብቻ መወሰን አይቻልም። የፒስተኑ አናት ቅርጽ፣ የቫልቩ ዘንበል ማለት፣ ቀደም ሲል የተደረጉ መፋቆችና የቫልቭ መቀመጫዎች መጥለቅ ከሞተር ሞተር ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ በታደሰ ሞተር ላይ ልዩነቱ ከሲሊንደር ሲሊንደርም ይኖራል። ስለዚህ መለካት ግዴታ ነው፤ የሚጠይቀውም መሣሪያ በማንኛውም ደኅና ቶርኖ ቤት የሚገኝ ነው።

በቅድሚያ እውነተኛው የላይኛው ሙት ነጥብ መገኘት አለበት። ፒስተኑ በላይኛው ሙት ነጥብ አካባቢ ለጥቂት ዲግሪዎች የቆመ ስለሚመስል በዓይን መፍረድ ያሳስታል። በካንዴላው ቀዳዳ ፒስተኑን የሚያቆም ዘንግ ይገባና ክራንክሻፍቱ በቀስታ በሁለቱም አቅጣጫ እስኪቆም ይዞራል፤ በዲግሪ ሰሌዳው ላይ የተነበቡት የሁለቱ ንባቦች መካከለኛ እውነተኛው የላይኛው ሙት ነጥብ ነው። ዘንጉ ባለበት ሞተሩን በስታርተር ማዞር ፈጽሞ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን በፒስተኑ አናት ላይ ቫልቮቹ በሚደርሱበት ቦታ መለጠፍ ነው። እንዳይጣበቅ የቫልቮቹ ፊት ዘይት ይቀባል። ቴስታው በታሰበው ጓርኒሲዮን ይታሰርና ክራንክሻፍቱ በእጅ ቀስ ተብሎ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ማንኛውም ጥብቀት ከተሰማ ይቆማል፤ በኃይል አይገፋም። ከዚያም ቴስታው ተነሥቶ ፕላስቲሲኑ በስለት ይቆረጥና ስሱ ቦታ በካሊፐር ይለካል። በዚህ መንገድ የጎን ርቀትንም ማየት ይቻላል። በቫልቩ ጠርዝና በፒስተኑ ጎድጓዳ ዳር መካከል ቢያንስ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ መኖር አለበት። የጓርኒሲዮኑ ውፍረት መታሰብ ያለበት ተጨምቆ በሚኖረው መጠኑ ነው፤ አዲስና ያልተጨመቀ ጓርኒሲዮን ርቀቱን ሰፊ አስመስሎ ያሳያል።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ትክክለኛ ነው። የቫልቮቹ ሞላዎች በደካማ ሞላዎች ይተኩና የሚሊሜትር መቶኛ የሚያነብ ዳያል መለኪያ በቫልቩ ላይ ይደረጋል። ክራንክሻፍቱ ከላይኛው ሙት ነጥብ 20 ዲግሪ በፊት ጀምሮ እስከ 20 ዲግሪ በኋላ በየ5 ዲግሪው ይቆማል። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ቫልቩ ፒስተኑን እስኪነካ በእጅ ይገፋል፤ መለኪያው ያነበበው በዚያ ዲግሪ ያለው ርቀት ነው። ውጤቱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ዘጠኝ ቁጥሮች ናቸው። ከእነዚህም ጠባቡ ነጥብ የትኛው ዲግሪ ላይ እንደሆነ፣ ካምሻፍቱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ማንበብ ይቻላል።

በሁለቱም መንገዶች የቫልቭ ልቅነቱ በሥራ ላይ በሚኖረው መጠን መስተካከል አለበት። በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል የቫልቭ ገፊ ባለበት ሞተር ገፊው ሲለካ ስለሚሰምጥ ቫልቩን ከእውነተኛው ያነሰ ይከፍታል፤ ለመለኪያው ጊዜ በማይሰምጥ መተካት ይገባል። ካምሻፍቱ ከፍታንም የሚጨምር ከሆነ ሞላው ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ብረት ለብረት እንደማይገናኝ አብሮ ይረጋገጣል።

የናፍጣ ሞተሮች ጉዳይ

በአቃቂ ቃሊቲ ጎዳና ላይ ከቤንዚን ይልቅ የሚበዛው የናፍጣ ሞተር ነው፤ የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ በናፍጣ ይሠራሉ። የናፍጣ ሞተር በከፍተኛ እመቃ ስለሚያቀጣጥል በላይኛው ሙት ነጥብ ላይ በፒስተኑና በቴስታው መካከል የሚቀረው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። በብዙዎቹ ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ጥቂት ወጣ ይላል፤ ልዩነቱ በተለያየ ውፍረት በሚሠሩ ጓርኒሲዮኖች ይስተካከላል። ውፍረቱም በጠርዙ ላይ ባሉ ምልክቶች ይታወቃል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ረጅም መደራረብ ያለው ካምሻፍት የሚገባበት ቦታ የለም። ቺንጊያው ሲበጠስ ቫልቮች የሚጣመሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእነዚህ የከፍታው መፍትሔ ካምሻፍት ሳይሆን አየሩን ጨምቆ የሚያስገባው ተርቦ ቻርጀር ነው። ተፍቆ የመጣ ቴስታ ሲገጠም የፒስተኑን መውጣት ለክቶ ተገቢውን ጓርኒሲዮን መምረጥም ሊዘለል አይገባም።

የተሻለው ምርጫ

ለቤንዚን ሞተር ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ሞተሩ በዚህ ከፍታ፣ በከተማና በዳገት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር የሚሠራ ከሆነ አስገቢውን ቀደም ብሎ የሚዘጋና አነስተኛ መደራረብ ያለው ካምሻፍት ይመረጣል። ከዚህ ጋር አምራቹ በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ የሚደረግ መጠነኛ መፋቅ ይሄዳል። በማሳያው ሞተር ላይ የፋብሪካው ካምሻፍት እንዳለ ሆኖ 0.5 ሚሊሜትር ቢፋቅ፣ ውጤታማው ምጣኔ ከ7.85 ወደ 8.2 ገደማ ያድጋል፤ የእመቃው ግፊትም በ5 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ከፍታው የወሰደውን አይመልስም፤ ነገር ግን የ282 ዲግሪው ካምሻፍት ከሚያስከትለው የ17 በመቶ ቅናሽ ጋር ሲነጻጸር ትርፉ የት እንዳለ ያሳያል።

መጠነኛ መሆኑ ሌላም ምክንያት አለው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና የአየር ግፊቱ ወደ 83 ኪሎፓስካል ከፍ ሲል ያገኛል፤ ጉዞው ወደ አፋር ቆላ ከቀጠለ አየሩ እየጠበቀና እየሞቀ ይሄዳል። በከፍታው ቀዝቃዛና ስስ አየር ያለ ችግር የሚሠራ ከፍተኛ እመቃ በቆላ ነዳጁን ያለጊዜው እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የእመቃው ወሰን የሚለካው ሞተሩ በሚታደስበት ቦታ ሳይሆን በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው።

ለስፖርት ወይም ለከፍተኛ ዙር አገልግሎት ረጅም ካምሻፍት የግድ ከሆነ፣ ርቀቱ በሌላ መንገድ መፈጠር አለበት። የቫልቭ ጎድጓዳ ያለው ፒስተን መግጠም፣ የፒስተኑ አናት ውፍረት የሚፈቅድ ከሆነ ጎድጓዳውን ማጥለቅ ወይም ወፍራም ጓርኒሲዮን መጠቀም ይቻላል። ካምሻፍቱን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ወይም ማዘግየት አንደኛውን ቫልቭ ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል፤ ማስቀደም ለአስወጪው ይሰጣል፣ ከአስገቢው ይወስዳል። በቶርኖ ቤት ተሞርዶ የተለወጠ ካምሻፍት ከሆነ ደግሞ መሠረታዊው ክብ ስለሚያንስና የጠነከረው የብረት ሽፋን ስለሚሳሳ፣ የከፍታው መጠን በየዲግሪው ተለክቶ እስኪታወቅ ድረስ ምንም ዓይነት ስሌት ሊደገፍበት አይገባም።

መደምደሚያ

በፒስተንና በቫልቭ መካከል ያለው ርቀት የካምሻፍቱ ባሕርይ አይደለም፤ የቴስታው፣ የጓርኒሲዮኑ፣ የፒስተኑ፣ የካቴናውና የካምሻፍቱ የጋራ ውጤት ነው። ካታሎግ የካምሻፍቱን ድርሻ ብቻ ይናገራል። የቀረውን የሚናገረው በጠረጴዛ ላይ የተከፈተው ሞተር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ከፍታ ላይ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከአየሩ ጉድለት የተነሣ ረጅም ካምሻፍትና መፋቅ አብረው የሚታሰቡ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚጋሩት ያንኑ ጥቂት ሚሊሜትር ነው።

ከዚህ የተነሣ የሥራው ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይገባዋል። መጀመሪያ ሞተሩ የሚሠራበት ዙርና ከፍታ ይወሰናል፤ ቀጥሎ ተዘግቶ ባለ ቫልቭና በፒስተኑ መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ከዚያ በላይኛው ሙት ነጥብ ዙሪያ ከዚህ ርቀት ጋር የሚስማማ ካምሻፍት ይመረጣል። መፋቅ ካስፈለገ ከምርጫው በፊት እንጂ በኋላ አይደረግም፤ ከተፋቀም በኋላ የካምሻፍቱ ጊዜ ታይቶ ርቀቱ በየዲግሪው እንደገና ይለካል። በፕላስቲሲንና በካሊፐር የሚያልፈው ግማሽ ቀን፣ አዲስ መተኪያው በቀላሉ ከማይገኝ ሞተር ጋር ሲመዘን የሚከብድ ዋጋ አይደለም።